«ስም ይወጣል ከቤት፣ ይከተላል ጎረቤት»

ይህ አባባል ብዙ ጊዜ የሚነሳው ሰው በገዛ ቤተሰቡ ሲናቅ ነው። እናቱ «ሰነፍ» ያለችውን ልጅ ጎረቤትም ሳይመረምር ሰነፍ ይለዋል። መነሻውም ይኸው የስም አወጣጥ ነው፦ ስም የሚያወጡት የቅርብ ሰዎች ናቸው፣ የውጭ ሰው ሲጠሩ የሰማውን ተቀብሎ ይጠራል። ሁለቱ ሐረጎች ቤት ስለሚመቱም አባባሉ ከአንደበት አይጠፋም።

ለእኔ የአባባሉ ጉልበት ጎልቶ የሚታየው በፖለቲካ ነው። አንድ አዋጅ ገና ሳይጸድቅ ስም ይወጣለታል። ቀድሞ ስም ያወጣው ወገን ከባዱን ሥራ ጨርሷል፤ ጋዜጠኛውም ተከራካሪውም ከዚያ በኋላ የሚነጋገሩት በእሱ ቃል ነውና።

አሜሪካ ውስጥ ከእ.ኤ.አ. 1916 ጀምሮ ሟች ትቶት በሚሄደው ሀብት ላይ የሚጣል የፌዴራል ግብር አለ። ተቃዋሚዎቹ «የሞት ግብር» አሉት። በ2000 ገደማ ግብሩ የሚነካው ከመቶ ሟቾች የሁለቱን ያህል ሀብት ብቻ ነበር፤ ሞት ግን የሁሉም ነው። ምንም የማይነካው ደመወዝተኛ ሳይቀር ከልጆቹ አፍ የሚነጠቅ መሰለው። በ2001 የወጣ ሕግ ግብሩን ቀስ በቀስ እየቀነሰ ሄዶ በ2010 ለአንድ ዓመት ጨርሶ አስቀረው። ስሙ ብቻውን ይህን አደረገ አልልም፤ መንገዱን ግን ጠርጓል።

በ2010 የጸደቀውን የአሜሪካ የጤና መድን ሕግ ደግሞ ተቃዋሚዎቹ በፕሬዚዳንቱ ስም «ኦባማኬር» ብለው ጠሩት። ሲኤንቢሲ የተባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ በ2013 ሕዝብ ሲጠይቅ፣ ይህን ስም ከሰሙት 46 በመቶው ሕጉን ተቃወሙ፤ በሕጋዊ ስሙ ከተጠየቁት ግን የተቃወሙት 37 በመቶ ነበሩ። የሚገርመው ደጋፊዎቹም የበዙት በ«ኦባማኬር» ነው። የሰው ስም ሲገባበት ብዙዎች የሚመልሱት ስለ ሕክምና ሳይሆን ስለሚወዱት ወይም ስለሚጠሉት መሪ ነው። ይህ በጣም ያሳስበኛል፤ የታመመ ሰው የሚታከምበት ሕግ የወገን መለያ ሲሆን ይዘቱን የሚያነብ ይጠፋል።

ጎረቤት የማይከተልበት ጊዜም አለ። የብሪታንያ መንግሥት በ1989 በስኮትላንድ፣ በ1990 በእንግሊዝና በዌልስ አዲስ የአካባቢ ግብር ሲያስጀምር «የማኅበረሰብ ክፍያ» አለው። ባለጸጋውና ሠራተኛው በነፍስ ወከፍ ተመሳሳይ ገንዘብ እንዲከፍሉ የሚያደርግ ነበር። ሕዝቡ ታዲያ የመንግሥትን ስም ትቶ በ1381 ገበሬዎችን ባሳመፀው በጥንቱ የነፍስ ወከፍ ግብር ስም ጠራው። እዚህ ላይ «ቤት» የሆነው ስም አውጪው መሥሪያ ቤት ሳይሆን የክፍያ ወረቀቱ የደረሰው ቤተሰብ ነው፤ የሚከፍለውን የሚያውቀው እሱ ነበርና። ለንደን ላይ ከባድ ሁከት ተነሣ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሯ ማርጋሬት ታቸር በዚያው በ1990 ሥልጣን ለቀቁ፣ ግብሩም በ1993 በሌላ ተተካ።