«ልጆቿን መንግሥት ወሰደባት» ሲባል፦ ስለ ቤተሰብ ሕክምና ችሎት የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ደብረ ብርሃን፣ መሐል ሜዳ ወይም ሸዋ ሮቢት ሆኖ አሜሪካ ዘመድ ያለው ሰው አንዳንዴ ክፉ ወሬ ይደርሰዋል፤ «በመጠጥ የተነሣ ልጆቿን መንግሥት ወሰደባት» ይባላል። ከዚያ ቡና ላይ የሚወራው ብዙው ስሕተት ነው። ጉዳቱ ደግሞ ዘመድ ማበርታት በሚገባው ሰዓት ተስፋ ማስቆረጡ ነው።

«ፍርድ ቤት ከቀረበች ትታሰራለች»

የቤተሰብ ሕክምና ችሎት የወንጀል ችሎት አይደለም። ወላጅ በሱስ ምክንያት ልጁን ለአደጋ ሲያጋልጥ የሚከፈተው የልጅ ጥበቃ ጉዳይ የሚታይበት ነው። የመጀመሪያው በ1990ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) በኔቫዳ ግዛት፣ ሬኖ ከተማ ተከፈተ። ወላጅ የሚገባው ፈቅዶ ነው። ዳኛው መጀመሪያ ላይ በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ እየጠራ ሕክምናው እንዴት እንደሆነ ይጠይቃል፣ የሽንት ምርመራ ውጤት ያያል፤ የሕክምና ባለሙያው፣ የልጆች ጉዳይ ሠራተኛውና ጠበቆቹም አብረው ይመክራሉ።

«ልጅ አንዴ ከተወሰደ አይመለስም»

ይመለሳል፤ ችሎቱ የተቋቋመው ለዚሁ ነው። ጊዜው ግን የተቆጠረ ነው። በ1997 (እ.ኤ.አ.) በወጣው የአሜሪካ ሕግ፣ ልጅ ካለፉት 22 ወራት 15ቱን በአሳዳጊ እጅ ካሳለፈ መንግሥት የወላጅነት መብት እንዲቋረጥ መጠየቅ አለበት። ልጁ ዘመድ ዘንድ ከሆነ ግን ላይጠይቅ ይችላል። ስለዚህ እዚያ ያለ አክስት ወይም አጎት ገመናን ፈርቶ ከሚሸሽ «ልጁን እኔ ልያዝ» ብሎ ቢቀርብ ይሻላል።

«ሱስ ጠባይ ነው፤ ከማለ ይተዋል»

በጣም የሚያሳዝነኝ ይሄኛው ነው። ሱስ ሕመም ነው። ለዓመታት በየቀኑ አረቄ የጠጣ ሰው ሰውነቱ ከመጠጡ ጋር ተላምዷል። በድንገት ሲያቆም ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ እንቅልፍ ያጣል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት እንደሚጥል በሽታ ሊያንፈራግጠው፣ ከዚያም ሊቃዥና የሌለ ነገር ሊያይ ይችላል። ካልታከመ ሊሞትም ይችላል። ጻድቃኔ ማርያም ወይም ሸንኮራ ዮሐንስ ወስደነው ሲንፈራገጥ «መንፈሱ ነው» ብለን ዝም ካልን የሚድነውን ሰው እናጣዋለን። ጠበሉ ይቅር አልልም፤ እኔም አምናለሁ። መጀመሪያ ሆስፒታል ይታይ፣ መድኃኒቱን እየወሰደ ይጠመቅ።

«ዳግመኛ ከጠጣች አለቀላት»

ማገርሸት በዚህ ሕመም የተለመደ ነው። ችሎቱ ሕክምናውን ያጠብቃል ወይም ይለውጣል። ልጁ ግን ቤቱ ሰላም መሆኑ ሳይረጋገጥ አይመለስም።

«ይህ የአሜሪካ ነገር ነው፤ እኛን አይመለከትም»

የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 36 የልጅ ደኅንነት በቀደምትነት እንዲታሰብ ያዛል፤ ልጅ የወላጆቹን እንክብካቤ የማግኘት መብት እንዳለውም እዚያው ተጽፏል። እኛ ጋ ጠጪ አባት ሽማግሌ ፊት «ሁለተኛ አልጠጣም» ብሎ ይምላል፣ ይታረቃል፣ ይሸኛል። ሽማግሌዎቹ ከመሐላው ጋር የሕክምና ቀጠሮ ቢያስይዙት፣ በየሁለት ሳምንቱም ጠርተው «ሄድክ ወይ? ልጆቹስ?» ብለው ቢጠይቁት ማንም አይከለክላቸውም፤ አዲስ ሕግም አያስፈልጋቸውም።