የፕራግ ሰፈሮችና የጎብኚ ማረፊያ ምርጫ

የቼክ ሪፐብሊክ ዋና ከተማ ፕራግ በቭልታቫ ወንዝ ግራና ቀኝ የተዘረጋች፣ ከ1.3 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የሚኖርባትና ታሪካዊ መሀሏ በ1992 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበላት ከተማ ናት። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታትና ወራት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ወደዚህች ከተማ የሚጓዝ ሰው አስቀድሞ ከሚወስናቸው ጉዳዮች አንዱ በየትኛው ሰፈር እንደሚያድር ነው፤ ብዙ ጎብኚዎችም ይህን የሚወስኑት ማረፊያው ከአሮጌው ከተማ አደባባይ ምን ያህል እንደሚርቅ በማየት ብቻ ነው። ይሁን እንጂ የፕራግ መሀል ጠባብ፣ የሕዝብ ማመላለሻዋም ጠንካራ በመሆኑ ርቀት ትልቁ መመዘኛ ሊሆን አይገባውም። ከርቀቱ ይልቅ ሊመረመሩ የሚገባቸው ሦስት ነገሮች የሌሊቱ ጸጥታ፣ የመንገዱ አቀበትና በአቅራቢያ የሚያልፈው የባቡር ወይም የትራም መስመር ናቸው።

የሰፈሮቹ ጠባይ የተለያየው ከተማዋ ከብዙ ከተሞች ተጣምራ በመሠራቷ ነው። ዛሬ አንድ ሆኖ የሚታየው መሀል ከተማ ለዘመናት የየራሳቸው ምክር ቤትና ገበያ በነበራቸው ከተሞች የተከፋፈለ ነበር። በወንዙ ቀኝ ዳርቻ አሮጌው ከተማ ስታሬ ምዬስቶ ይገኛል፤ በግራው ዳርቻ ደግሞ በ1257 የተመሠረተው ማላ ስትራና፣ ከእርሱም በላይ በፕራግ ቤተ መንግሥት ደጃፍ ላይ ህራድቻኒ አለ፤ አሮጌውን ከተማ ከውጭ በኩል የከበበውን ሰፊውን ኖቬ ምዬስቶን ደግሞ ንጉሥ ቻርልስ አራተኛ በ1348 ቆረቆረው። እነዚህ አራቱ በ1784 በዳግማዊ ዮሴፍ ትእዛዝ በአንድ አስተዳደር ሥር ሆኑ፤ የአይሁዶች ሰፈር የነበረው ዮሴፎቭ በ1850 ተጨመረ፤ ቪኖህራዲ፣ ዢዥኮቭ፣ ካርሊንና ስሚሆቭ ግን እስከ 1922 ድረስ ራሳቸውን የቻሉ ከተሞች ሆነው ቆይተዋል። በዚህ ምክንያት ከመሀሉ ውጭ ያሉት ሰፈሮች የራሳቸው አደባባይ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ መናፈሻና የገበያ መንገድ ያላቸው ሙሉ መንደሮች ናቸው፤ በእነርሱ ውስጥ ያደረ እንግዳም እራት ለመብላት ወይም ዳቦ ለመግዛት ወደ መሀል መውረድ አያስፈልገውም።

በማረፊያ ማስታወቂያዎች ላይ የሚታዩት የአስተዳደር ቁጥሮች ብዙ ጊዜ ያሳስታሉ። ከተማዋ ከ1 እስከ 22 በተቆጠሩ የአስተዳደር ክፍሎች የተከፈለች ስትሆን፣ ፕራግ 1 ታሪካዊውን እምብርት ይይዛል፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ቁጥሮች ግን ርቀትን በቅደም ተከተል አያመለክቱም። ለምሳሌ የቪኖህራዲ ሰፈር በዋናነት በፕራግ 2፣ በፕራግ 3 እና በፕራግ 10 መካከል ተከፋፍሏል፤ ስለዚህ «ፕራግ 10» የሚል አድራሻ ያለው ማረፊያ ከመሀሉ ብዙ የማይርቅ ሊሆን ይችላል፣ በከተማዋ ዳር ያለ ሊሆንም ይችላል። ቁጥሩን ትቶ የሰፈሩን ስምና በአቅራቢያው ያለውን የምድር ባቡር ጣቢያ መጠየቅ የተሻለ ነው።

ስታሬ ምዬስቶ የከተማዋ መለያ የሆኑት ነገሮች የተከማቹበት ስፍራ ነው። በ1410 የተሠራው የሥነ ፈለክ ሰዓት፣ ሁለት ጉልላቶቹ ከሩቅ የሚታዩት የቲን ቤተ ክርስቲያን፣ በ1357 መሠረቱ ወደተጣለው የቻርልስ ድልድይ የሚያመሩት ጠመዝማዛ መንገዶች ሁሉ እዚህ አሉ። ድልድዩ 516 ሜትር ያህል ርዝመት ያለውና በ30 ሐውልቶች የተጌጠ ሲሆን፣ እስከ 1841 ድረስ በፕራግ ውስጥ ሁለቱን የወንዙን ዳርቻዎች የሚያገናኝ ብቸኛ ድልድይ ነበር። እዚህ ማደር ያለው ትልቅ ጥቅም ጧት በማለዳ፣ ጎብኚው ሳይጎርፍ በፊት ወደ ድልድዩ በእግር መድረስ መቻሉ ነው። ጉዳቱ ደግሞ ሌሊቱ ነው። ከአደባባዩ ዙሪያ ያሉት ጎዳናዎች በመጠጥ ቤቶች የተሞሉ በመሆናቸው ጫጫታው የነዋሪዎች የረጅም ጊዜ ቅሬታ ሆኖ ቆይቷል፤ የከተማዋ አስተዳደርም በ2024 ጎብኚዎችን በሌሊት ከመጠጥ ቤት ወደ መጠጥ ቤት የሚመሩ የተደራጁ ጉዞዎችን ከልክሏል። በቅርስነት በተጠበቁት አሮጌ ሕንፃዎች ውስጥ አየር ማቀዝቀዣና አሳንሰር የሌለባቸው ብዙ ናቸው፤ በበጋ ሙቀት መስኮት መክፈት ግድ ሲሆን ደግሞ የመንገዱ ድምፅ በቀጥታ ወደ ክፍሉ ይገባል። እዚህ ለማደር የቆረጠ ሰው ወደ ውስጠኛው ግቢ የሚመለከት ክፍል ቢጠይቅ ብዙ ይጠቀማል።

ከአደባባዩ በስተሰሜን ያለው ዮሴፎቭ ከዚህ ይለያል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የተጨናነቁት የአይሁድ ሰፈር ቤቶች ለጤና ተብሎ በጅምላ ሲፈርሱ፣ ጥቂት ምኩራቦች፣ የአይሁድ ማዘጋጃ ቤቱና ጥንታዊው መካነ መቃብር ብቻ ተረፉ፤ በፈረሱት ቤቶች ቦታ ላይም ሰፋፊ ጎዳናዎችና ያጌጡ ከፍተኛ ሕንፃዎች ተተኩ። በ13ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራው አሮጌ-አዲስ የሚባለው ምኩራብ በአውሮፓ እስከ ዛሬ ጸሎት ከሚደረግባቸው ምኩራቦች ሁሉ አንጋፋው ነው። ሰፈሩ ከአደባባዩ ይልቅ ጸጥ ያለ ነው፤ ዋጋው ግን በከተማዋ ካሉት ከፍተኛዎቹ መካከል ይመደባል።

ወንዙን ተሻግሮ ያለው ማላ ስትራና፣ በእኔ ግምት፣ ለአንድ ወይም ለሁለት ሌሊት ብቻ ለሚመጣ እንግዳ ከመሀሉ ሰፈሮች ሁሉ የሚመረጥ ነው። በ1541 ከተነሣው ከባድ የእሳት ቃጠሎ በኋላ መኳንንቱ በተቃጠሉት ቤቶች ቦታ ላይ ቤተ መንግሥቶችንና የአትክልት ስፍራዎችን አሠሩ፤ ከእነዚህ ብዙዎቹ ዛሬ የኤምባሲዎችና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች መቀመጫ ናቸው። የመጠጥ ቤቶች ቁጥር ከአሮጌው ከተማ ያነሰ በመሆኑና ቀን የሚመላለሰው ጎብኚም ሲመሽ ስለሚሄድ ምሽቱ ረጋ ያለ ነው። ሆኖም ሰፈሩ በኮረብታ ጥግ የተሠራ ስለሆነ፣ ወደ ቤተ መንግሥቱ የሚያወጣው የኔሩዶቫ መንገድ አቀበቱና ኮብልስቶኑ ሻንጣ ለሚጎትት፣ ሕፃን በጋሪ ለሚገፋ ወይም ጉልበቱን ለሚያመው ሰው ፈተና ነው፤ እንዲህ ያለው እንግዳ ከትራም ፌርማታው አጠገብ ባለው በሰፈሩ ዝቅተኛ ክፍል ማረፊያ መያዝ ይኖርበታል። ከዚያ በላይ ያለው ህራድቻኒ ደግሞ ከሁሉም ይበልጥ ጸጥተኛ ነው፤ ከመሸ በኋላ ግን የሚበላበትና የሚገበይበት ቦታ ጥቂት ነው።

ኖቬ ምዬስቶ ስሙ አዲስ ከተማ ይሁን እንጂ ዕድሜው ከስድስት መቶ ሰባ ዓመታት በላይ ነው። ቻርልስ አራተኛ የፈረስ ገበያ እንዲሆን ያስከፈተውና ዛሬ የቫስላቭ አደባባይ የሚባለው 750 ሜትር ያህል የሚረዝም ጎዳና፣ በኅዳር 1989 የኮሚኒስቱን አገዛዝ የጣለው ሕዝባዊ ሰልፍ የተካሄደበት ስፍራ ነው። ትልልቅ ሆቴሎች፣ ዋናው የባቡር ጣቢያና የምድር ባቡር መስመሮች መገናኛዎች እዚህ በመሆናቸው በባቡር ለሚመጣና በማግስቱ ለሚሄድ ሰው ይመቻል፤ የአደባባዩ ዙሪያ ግን በሌሊት ሁካታ የሚበዛበት ነው። ወደ ደቡብ፣ በቻርልስ አደባባይና በወንዙ መካከል ያለው ክፍል የተረጋጋ ነው። በዚያው በሬስሎቫ መንገድ ላይ ያለውን የቅዱሳን ቄርሎስና መቶድዮስ ኦርቶዶክስ ካቴድራል እዚህ ያደረ ሁሉ ሊጎበኘው ይገባል፤ የናዚውን ሹም ራይንሃርት ሃይድሪክን የገደሉት የቼኮዝሎቫኪያ ወታደሮች በሰኔ 1942 ተከበው እስከ መጨረሻው የተዋጉት በዚህ ቤተ ክርስቲያን ነው።

ከሦስት ሌሊት በላይ ለሚቆይ ጎብኚ፣ በተለይም ከቤተሰቡ ጋር ለሚመጣ፣ ቪኖህራዲን የሚበልጥ ሰፈር ማግኘት ይከብዳል። ቦታው ቀድሞ የወይን እርሻ ነበር፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ ላይ ደልደል ያለ ኑሮ ያላቸው ቤተሰቦች ሰፊ ክፍልና ከፍ ያለ ጣሪያ ያላቸውን ያጌጡ አፓርታማዎች ሠሩበት፤ ጎዳናዎቹም በዛፍ የተጠለሉ ናቸው። የሪገር መናፈሻ ከተዳፋቱ ላይ ሆኖ ፀሐይ በቤተ መንግሥቱ በኩል ስትጠልቅ ለማየት የሚመረጥ ስፍራ ነው፤ በሃቭሊችኮቪ መናፈሻ ደግሞ ከቀድሞው የወይን እርሻ የተረፈው ክፍል ዛሬም ፍሬ ይሰጣል። የስሎቬንያው መሐንዲስ ዮዤ ፕሌችኒክ የነደፈውና በ1932 የተጠናቀቀው ባለ ግዙፍ ሰዓቱ ቤተ ክርስቲያን የአካባቢው ኩራት ነው። የናምዬስቲ ሚሩ የምድር ባቡር ጣቢያ 53 ሜትር ያህል ከመሬት በታች የሚገኝ በመሆኑ በተንቀሳቃሽ ደረጃው መውረድ ራሱ ከሁለት ደቂቃ በላይ ይወስዳል፤ ሆኖም በአረንጓዴው ኤ መስመር ሦስተኛው ፌርማታ አሮጌው ከተማ፣ አራተኛው ማላ ስትራና ነው። በናምዬስቲ ሚሩ አደባባይ የሚያልፈው ትራም 22 ደግሞ በብሔራዊ ቴአትርና በማላ ስትራና በኩል አልፎ፣ አቀበቱን ወጥቶ እስከ ቤተ መንግሥቱ ጀርባ ያደርሳል። ሽቅብ መውጣት ለሚቸግረው እንግዳ ይህ አንድ መስመር ብቻውን ሰፈሩን ለመምረጥ በቂ ምክንያት ነው።

ከቪኖህራዲ ጋር የሚዋሰነው ዢዥኮቭ የሠራተኞች ሰፈር የነበረና ስያሜውን በ1420 በቪትኮቭ ኮረብታ ላይ የመስቀል ጦረኞችን ድል ካደረገው የሁሳውያን (የቼክ ሃይማኖታዊ ተሐድሶ ተከታዮች) የጦር መሪ ከያን ዢዥካ ያገኘ ነው። 216 ሜትር ከፍታ ያለው የቴሌቪዥን ማማ ከየትኛውም አቅጣጫ ይታያል። የመጠጥ ቤቶቹ ብዛት የታወቀ ነው፤ ዋጋው ከጎረቤቱ ዝቅ ይላል፤ በወጣቶችም ይወደዳል። የምድር ባቡር በመሀሉ ስለማያልፍ ግን በትራምና በአውቶቡስ መተማመን ያሻል፤ መንገዶቹም ዳገታማ ናቸው።

ካርሊን በተቃራኒው ሜዳ ላይ ያለ፣ መንገዶቹ ቀጥ ብለው የተቀየሱ ሰፈር ነው። በነሐሴ 2002 ቭልታቫ ከአልጋው ወጥቶ ከተማዋን ሲያጥለቀልቅ ክፉኛ ከተጎዱት ሰፈሮች ካርሊን አንዱ ነበር፤ በጎርፉ የፈረሱ ሕንፃዎች ነበሩ፤ የምድር ባቡሩም ለወራት በከፊል ተዘግቶ ቆየ። ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ በአዲስ መልክ ታድሶ አሮጌ ፋብሪካዎቹ ወደ ቢሮነት፣ ምድር ቤቶቹ ወደ ቡና ቤትና ምግብ ቤትነት ተለውጠዋል። ቢጫው ቢ መስመር በመሀሉ ያልፋል፤ ከሌሎች የአውሮፓ ከተሞች በአውቶቡስ የሚመጡ መንገደኞች የሚወርዱበት የፍሎሬንትስ መናኸሪያም በጫፉ ላይ ነው። መራመድ ለሚቸግረው ወይም በአውቶቡስ ለሚመጣ ሰው ከቪኖህራዲ ይልቅ ካርሊንን እመርጥለታለሁ።

በወንዙ መታጠፊያ ውስጥ ያለው ሆሌሾቪትሴ የቀድሞ ቄራው ወደ ገበያና የባህል ስፍራነት የተቀየረበት፣ የብሔራዊ ሥዕል ቤቱ የዘመናዊ ጥበብ ስብስብም የሚገኝበት ነው፤ ከጎኑ ያለው ሌትና ሰፊ መናፈሻ ስላለው ለልጆች ይመቻል። ስሚሆቭ በንግድ ማዕከሉና በቢራ ፋብሪካው ይታወቃል፤ ለመሀሉ ቅርብ ቢሆንም ትራፊክ ይበዛበታል። ዴይቪትሴ የዩኒቨርሲቲ አካባቢ ሲሆን በኤ መስመር ላይ ነው፤ ከአውሮፕላን ማረፊያው የሚመጣው የትሮሊባስ (በኤሌክትሪክ የሚሄድ አውቶቡስ) መስመር 59 መድረሻም በዚያው መስመር ላይ ያለው የናድራዢ ቬሌስላቪን ጣቢያ በመሆኑ በማለዳ ለሚበር ሰው ይስማማል።

ከእነዚህ ሁሉ ውጭ፣ በሶሻሊስቱ ዘመን በተገጣጣሚ ኮንክሪት በተሠሩት የመኖሪያ መንደሮች ውስጥ ርካሽ ሆቴሎች ይገኛሉ። ጣቢያ አጠገባቸው ካለ አያስከፉም። የምድር ባቡሩ ግን እኩለ ሌሊት ገደማ ሥራ ያቆማል፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ከ91 እስከ 99 የተቆጠሩት የሌሊት ትራሞችና የሌሊት አውቶቡሶች ብቻ ስለሆኑ፣ ማምሸት የሚወድ ሰው ማረፊያው የሌሊት ትራም ወይም አውቶቡስ የሚያልፍበት መሆኑን አስቀድሞ ማየት አለበት። መኪና ይዞ የሚመጣም ቢሆን ሰማያዊ መስመር የተሰመረባቸው ማቆሚያዎች በዋናነት ለነዋሪዎች የተመደቡ መሆናቸውን አውቆ ማቆሚያ ያለው ሆቴል መፈለግ ይኖርበታል።

ዋጋን በተመለከተ፣ የገና ገበያዎች በሚቆሙበት በታኅሣሥ፣ በፋሲካ ሰሞንና በበጋ ወራት ክፍል ውድ ነው፤ ጥርና የካቲት ርካሽ ናቸው። አገሪቱ ዩሮን ስላልተቀበለች መገበያያው ኮሩና ነው፤ ከተማዋም ከእያንዳንዱ አዋቂ እንግዳ በሌሊት 50 ኮሩና የማረፊያ ክፍያ ታስከፍላለች፣ ይህም በክፍሉ ዋጋ ውስጥ ላይካተት ይችላል። ቼክ ከ2007 ጀምሮ የሸንገን አባል በመሆኗ በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚጓዝ ሰው ለቪዛ ሲያመለክት የማረፊያ ማስረጃ ማቅረብ ይጠበቅበታል፤ ስለዚህ ሰፈሩን የሚመርጠው ከሌሎች ጎብኚዎች ቀድሞ ነው፣ ያለ ቅጣት የሚሰረዝ ቦታ መያዙም ቪዛው ቢዘገይ ወይም ቢከለከል ገንዘቡን ያድንለታል።

አድራሻውን ይዞ ቤቱን የሚፈልግ እንግዳ በፕራግ ሕንፃዎች ላይ ሁለት ቁጥር ያያል። ቀዩ ቁጥር ሕንፃው በሰፈሩ መዝገብ ውስጥ ያለው መለያ ሲሆን የመንገዱን ቅደም ተከተል አይከተልም፤ ሰማያዊው ደግሞ በመንገዱ ላይ ያለውን ተራ የሚያሳይ ነው። በጽሑፍ ብዙ ጊዜ በእዝባር ተለይተው ይቀመጣሉ፣ ቀዩ ፊት ሰማያዊው ኋላ፤ መንገድ ላይ ቤት ለማግኘት የሚያገለግለው ሁለተኛው ነው። ፎቅ ሲቆጠርም ከምድር ቤቱ ቀጥሎ ያለው አንደኛ ስለሚባል፣ አሳንሰር በሌለው ሕንፃ ውስጥ አራተኛ ፎቅ የተከራየ ሰው አራት ሙሉ ደረጃ ይወጣል።