ሳያቲካ፦ ያለ ቀዶ ሕክምና የሚደረጉ ሕክምናዎች

ከወገብ ወይም ከመቀመጫ ተነሥቶ በጭን ጀርባና በባት በኩል እስከ እግር ጣት የሚወርድ ሕመም ሳያቲካ ይባላል። ሳያቲክ ነርቭ በሰውነታችን ካሉት ነርቮች ሁሉ ወፍራሙ ነው፤ ከታችኛው የአከርካሪ ክፍል ከሚወጡ አምስት የነርቭ ሥሮች ተገጣጥሞ በመቀመጫ ጡንቻዎች ሥር አልፎ ወደ እግር ይወርዳል። ሕመሙ የሚነሣው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከዋናው ነርቭ ሳይሆን ከሥሮቹ ከአንዱ ነው። ከአሥር ሕሙማን በዘጠኙ ገደማ ምክንያቱ ዲስክ ነው። በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ዲስክ የውጭ ቀለበቱ ተሰንጥቆ በውስጡ ያለው ለስላሳ አካል ወደ ኋላ ሲወጣ የነርቩን ሥር ይጫነዋል፣ ዙሪያውንም ያስቆጣዋል። ይህ መቆጣት ከመጫኑ ያልተናነሰ ድርሻ አለው፤ ዲስኩ ገና በቦታው ሳይመለስ ሕመሙ የሚቀንስላቸው ሰዎች ብዙ የሆኑትም በዚህ ምክንያት ነው። በዕድሜ በገፉ ሰዎች ደግሞ የአከርካሪው ቦይ ራሱ ይጠብባል። እነዚህ ሰዎች ሲራመዱ እግራቸው ይዝላል፣ ይነድዳል፤ ቁጭ ሲሉ ወይም ወደ ፊት ጎንበስ ሲሉ ይሻላቸዋል።

ሕመሙን ለመለየት የሚያስፈልገው ነገር ከሚታሰበው ያነሰ ነው። ሐኪሙ ሕመምተኛውን በጀርባው ያስተኛውና ጉልበቱን ሳያጥፍ እግሩን ቀስ እያለ ያነሣዋል። እግሩ ከ30 እስከ 70 ዲግሪ ከፍ ሲል ሕመሙ ከጉልበት በታች ከነዘረ ነርቩ መነካቱን ያመለክታል። ምርመራው በፈረንሳዊው ሐኪም በሻርል ላሴግ ስም ይጠራል። ከዚያ በተረከዝና በእግር ጣት ማራመድ፣ የጉልበትና የቁርጭምጭሚት ምላሽ በመዶሻ ማየት፣ የደነዘዘ ቦታ መኖሩን በጥጥ መዳሰስ ይቀጥላል። ይህ ሁሉ ከሩብ ሰዓት አይበልጥም። በከተሞቻችን ግን ብዙ ሰው ሐኪም ፊት የሚቀርበው የኤምአርአይ (በማግኔት የሚነሣ የውስጥ አካል ምስል) ፊልሙን በብብቱ ይዞ ነው። ፊልሙ ላይ የሚታየው ነገር ምን ያህል እንደሚያሳስት የሚያስረዳ አንድ ግኝት አለ፦ በ2015 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በኋላም ያሉት ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የታተመና የብዙ ጥናቶችን ውጤት ያጠቃለለ ሥራ እንዳሳየው፣ ምንም የወገብ ሕመም ከሌላቸው የ20 ዓመት ወጣቶች 30 በመቶው፣ ከ80 ዓመት አዛውንቶች ደግሞ 84 በመቶው ያበጠ ዲስክ ይታይባቸዋል። ስለዚህ ኤምአርአይ የሚጠቅመው የአደጋ ምልክት ሲኖር፣ ወይም ቀዶ ሕክምናና የአከርካሪ መርፌ በቁም ነገር ሲታሰብ ነው። እንዲያው «ዲስኩ የት እንዳለ ለማወቅ» ተብሎ የሚከፈለው ገንዘብ ለፊዚዮቴራፒ (በአካል እንቅስቃሴ ለሚሰጠው ሕክምና) ቢውል ይሻላል።

ከሕክምናዎቹ ሁሉ ከፍተኛውን ሥራ የሚሠራው ጊዜ ነው። አብዛኛው አዲስ ሳያቲካ በ6 እና በ12 ሳምንታት መካከል በግልጽ ይሻሻላል። ከቀለበቱ ወጥቶ የፈሰሰውን የዲስክ አካል ሰውነት እንደ ባዕድ ነገር ቆጥሮ ጠራጊ ሴሎቹን ይልክበታል፣ ውሃውም ይመጠጣል። በዚህ የተነሣ በፊልም ላይ አስፈሪ የሚመስለው፣ ተቆርሶ የወጣው ትልቁ ቁራጭ፣ በትንሹ ካበጠው ዲስክ ይልቅ ተሟሽሾ የመጥፋት ዕድሉ ሰፊ ነው። ይህን ያልሰማ ሰው «ዲስክህ ወጥቷል» ሲባል ዕድሜ ልኩን የተሰበረ ይመስለዋል፤ ፍርሃቱ ደግሞ ከአልጋ እንዳይነሣ ያደርገዋል።

አልጋውን በተመለከተ ክርክሩ ካበቃ ቆይቷል። በ1999 በኔዘርላንድስ 183 ሕሙማን በሁለት ተከፍለው ግማሾቹ ለሁለት ሳምንት አልጋ ላይ እንዲውሉ፣ ግማሾቹ የዕለት ኑሯቸውን እንዲቀጥሉ ተደረገ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ከተኙት 70 በመቶው፣ ካልተኙት 65 በመቶው መሻሻላቸውን ተናገሩ፤ ልዩነቱ ከቁጥር የሚገባ አልነበረም። በ12ኛው ሳምንት በሁለቱም ወገን 87 በመቶ ደረሱ። መተኛት የሚያተርፈው የለም ማለት ነው፤ የሚያሳጣው ግን የጡንቻ ጉልበትና የሥራ ቀን ነው። ሕመሙ ሲብስ አንድ ሁለት ቀን ማረፍ ነውር የለውም። በጎን ሲተኙ በጉልበቶች መካከል፣ በጀርባ ሲተኙ ከጉልበት ሥር ትራስ ማድረግ ሌሊቱን ያቀልላል።

ከማረፍ ወደ መንቀሳቀስ የሚያሻግረው ባለሙያ ፊዚዮቴራፒስቱ ነው። በዚህ መስክ ስሙ ደጋግሞ የሚነሣው ኒው ዚላንዳዊው ሮቢን ማክኬንዚ ነው። በ1956 በዌሊንግተን አንድ የእግር ሕመም ያስቸገረው ታካሚ፣ የራስጌው ክፍል ከፍ ተደርጎ የተተወ የምርመራ አልጋ ላይ በሆዱ ተኝቶ ወገቡ ወደ ኋላ እንደታጠፈ ጥቂት ደቂቃ ቆየ። ማክኬንዚ ሲመለስ ሰውየው የእግሩ ሕመም እንደለቀቀው ነገረው። ከዚያ አጋጣሚ የተነሣው ዘዴ ዛሬ በዓለም ዙሪያ ይሠራበታል። ሕመምተኛው በሆዱ ይተኛል፣ መዳፎቹን ከትከሻው ሥር ያስቀምጣል፣ ዳሌው ከምንጣፉ ሳይነሣ በክንዱ ኃይል ደረቱን ብቻ ቀና ያደርጋል፤ ከዚያ ይመለሳል። ይህንኑ አሥር ጊዜ ያህል ይደጋግማል። በዚህ ጊዜ መጠበቅ ያለበት የሕመሙን መጠን ብቻ ሳይሆን ቦታውን ጭምር ነው። ከባት ወደ ጭን፣ ከጭን ወደ መቀመጫ፣ ከመቀመጫ ወደ ወገብ እየተሰበሰበ ከመጣ፣ ወገቡን ለጊዜው ቢያስጨንቀውም መልካም ምልክት ነው። ወደ ታች፣ ወደ ጣቶቹ ከሸሸ ግን ያ እንቅስቃሴ ለእርሱ አይሆንምና ያቁም። የአከርካሪው ቦይ የጠበበባቸው አዛውንቶች ወደ ኋላ መታጠፍ ያብስባቸዋል፤ ለእነርሱ ጉልበትን ወደ ደረት መሳብና በቋሚ ብስክሌት መሥራት ይስማማቸዋል። ከአንዱ ሰው የተቀዳ የቪዲዮ ልምምድ ለጎረቤት የማይሠራው በዚህ ምክንያት ነው። የፊዚዮቴራፒ ጥቅሙም ቢሆን ተአምር አይደለም፤ ጥናቶች የሚያሳዩት መጠነኛ መሻሻልን ነው። ይሁን እንጂ የጎንዮሽ ጉዳቱ እምብዛም ነው፤ ይህም በሳያቲካ ሕክምና ውስጥ ትንሽ ነገር አይደለም።

በእኛ ኑሮ ነርቩን የሚያስቆጡት አቀማመጦች የታወቁ ናቸው። በዝቅተኛ በርጩማ ላይ ጎንበስ ብሎ ለረጅም ሰዓት ቡና ማፍላትና ልብስ ማጠብ፣ ቀኑን ሙሉ ሚኒባስ ወይም የጭነት መኪና መንዳት፣ ኩንታል መሸከም፣ ሁሉም ወገብን ያጥፋሉ ወይም ይጫናሉ። በውጭ አገር ታክሲ የሚነዱ ወገኖቻችንም ከዚህ አያመልጡም። መድኃኒቱ ሥራ መተው ሳይሆን መነሣት ነው፦ በየግማሽ ሰዓቱ ቆም ማለት፣ ጥቂት እርምጃ መሄድ፣ በርጩማውን በወንበር መተካት። ስግደትም ይጠየቃል። ወደ ፊት አጥፎ መሬት የሚያስነካው ስግደት ሕመሙ በጠናባቸው ሳምንታት ነርቩን ይወጥራል። የንስሐ አባትን አማክሮ ራስን በማጎንበስ መወሰን ይቻላል፤ ሙስሊም ሕሙማንም ወንበር ላይ ተቀምጠው መስገድ ተፈቅዶላቸዋል።

ስለ እንክብል ስናወራ ደግሞ የፋርማሲው መደርደሪያ ከማስረጃው ሰፊ ነው። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን በብዛት ይታዘዛሉ። ለሳያቲካ ያላቸው ጥቅም ጥናት ላይ ሲመዘን ደካማ ሆኖ ቢገኝም፣ ለጥቂት ቀናት በአነስተኛ መጠን መሞከር ተቀባይነት አለው። የሚያስከትሉት ጉዳት ግን የታወቀ ነው። ጨጓራን ያቆስላሉ፣ የደም ግፊትን ይጨምራሉ፣ ኩላሊትን ይጎዳሉ። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት በባዶ ሆድ የሚውል ሰው ጠዋት ዳይክሎፌናክ ቢውጥ ለጨጓራው አያስብም ማለት ነው። ከምግብ ጋር ይውሰደው፤ የጨጓራ ታሪክ ካለው ለሐኪሙ ይንገር፣ ምናልባት ኦሜፕራዞል ይጨመርለታል። ፕሪጋባሊን ለነርቭ ሕመም ጥሩ ነው እየተባለ በሰፊው ሲታዘዝ ኖሮ፣ በ2017 በአውስትራሊያ 209 ሕሙማን ላይ ሲፈተን ከባዶ እንክብል አልበለጠም፤ የበለጠው በማስዞር ብቻ ነበር። የእንግሊዝ ብሔራዊ የሕክምና መመሪያም ለሳያቲካ ጋባፔንቲንና ፕሪጋባሊን እንዳይሰጡ፣ በአፍ የሚዋጥ ስቴሮይድም (መቆጣትን የሚያበርድ መድኃኒት) እንዲቀር ይመክራል። ትራማዶል የተባለው ጠንካራ የሕመም ማስታገሻም ሱስ የማስያዝ አቅሙ ከጥቅሙ ጋር መመዘን አለበት። ሕመሙ ሰንብቶ እንቅልፍ ለነሣቸው ሰዎች ማታ በትንሽ መጠን የሚሰጠው አሚትሪፕቲሊን ርካሽ ነው፤ ማስረጃው ግን ጠንካራ አይደለም።

እዚህ ላይ በመቀመጫ ላይ ስለሚወጋው መርፌ አንድ ነገር ሳይነሣ አይታለፍም። ወገቡን ያመመው ሰው ወደ ቅርብ ክሊኒክ ሄዶ ዳይክሎፌናክ ወይም ቢ ኮምፕሌክስ መወጋቱ የተለመደ ነው። መርፌው ከመቀመጫው የላይኛው ውጫዊ ሩብ ወጥቶ ወደ መሐል ወይም ወደ ታች ከተወጋ ራሱን ሳያቲክ ነርቭን ያገኘዋል። ከዚህ የሚመጣ የእግር መዳፍ መዛል በሕክምና መጻሕፍት የታወቀ ጉዳት ነው። ሕመም ለማስታገስ ተብሎ ያንኑ ነርቭ መውጋት ከባድ ስሕተት ነው፤ እንክብል መዋጥ የሚችል ሰው መርፌ የሚሻበት ምክንያት አይታየኝም።

ኤፒዱራል የሚባለው መርፌ ግን ሌላ ነው። አሠራሩ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው፤ በ1901 በፓሪስ ዣን አታናዝ ሲካር በጅራት አጥንት አካባቢ ባለው ቀዳዳ በኩል ኮኬይን በመስጠት ሳያቲካን ለማስታገስ ሞክሯል። ዛሬ ማደንዘዣና ስቴሮይድ በራጅ እየተመራ ወደ ተቆጣው የነርቭ ሥር አጠገብ ይሰጣል። በ2020 የወጣ የጥናቶች ማጠቃለያ እንደሚለው የእግር ሕመምን በአጭር ጊዜ ከ100 ነጥብ በአማካይ 5 ነጥብ አካባቢ ይቀንሳል። ትንሽ ነው፤ ሆኖም ሕመሙ አዲስና ከባድ ሆኖ እንቅልፍና ሥራ ለነሣው ሰው ፋታ ሊሰጥ ይችላል። የስኳር ሕመምተኞች ከመርፌው በኋላ ለጥቂት ቀናት ስኳራቸው እንደሚጨምር ይወቁ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2014 እጅግ አልፎ አልፎ የሚከሰት ሽባነትና የዓይን ብርሃን ማጣት እንዳለ አስጠንቅቋል። በአንድ ወቅት ከፓፓያ የሚወጣ ካይሞፓፔይን የተባለ ኤንዛይም በቀጥታ ወደ ዲስኩ እየተሰጠ ያሟሟው ነበር፤ በአሜሪካ በ1982 ተፈቅዶ በ2003 ከገበያ ወጣ። ፓፓያ መብላት ለዲስክ ይጠቅማል የሚል ካለ ግን ፍሬው ሆድ ውስጥ መቅረቱን ማስታወስ ይበቃል።

ፍል ውሃና ሙቅ ጨርቅ የተኮማተረ ጡንቻን ያፍታታሉ፤ ሶደሬም ሆነ ወንዶ ገነት ሄዶ መታጠብ ደስ ይላል፣ ነርቩ ድረስ የሚዘልቅ ነገር ግን የለውም። እግሩ የደነዘዘ ሰው የውሃውን ሙቀት በእጁ ይለካ። በመርፌ የመወጋት የቻይና ሕክምና ላይ ባለሙያዎች አልተስማሙም፦ የእንግሊዙ መመሪያ አይቀበለውም፣ በቻይና ተካሂዶ በ2024 የታተመ ጥናት ደግሞ ለሰነበተ ሳያቲካ ጥቅም አግኝቶበታል። የወገብ ቀበቶ፣ በክብደት መጎተትና የኤሌክትሪክ ማነቃቂያ በመመሪያው አይመከሩም። ዋግምት ለዚህ ሕመም መጥቀሙ አልተረጋገጠም፤ ምላጩ ንጹሕ ካልሆነ የሚያስተላልፈው በሽታ ግን እርግጥ ነው። ወጌሻን በሚመለከት ዝም ማለት አይገባም። ወለምታ በማሸት የተካኑ ወጌሾች አሉ፤ አከርካሪን በኃይል ማጠማዘዝ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በአገራችን የአከርካሪ ሳንባ ነቀርሳ አለ፤ በነቀርሳ የተበላ አጥንት ሲጠመዘዝ ይደረመሳል። ለሳምንታት የቆየ የወገብ ሕመም ከትኩሳት፣ ከሌሊት ላብና ከክብደት መቀነስ ጋር ከመጣ፣ ወይም ሕመምተኛው ቀድሞ ካንሰር ከነበረበት፣ መጀመሪያ ሆስፒታል ነው።

አንድ ሁኔታ ደግሞ ቀጠሮ አይጠብቅም። ሽንት ሲቆም ወይም ሳይታወቅ ሲያመልጥ፣ ሰገራ መቆጣጠር ሲያቅት፣ ኮርቻ ላይ ሲቀመጡ የሚነካው የሰውነት ክፍል ሲደነዝዝ፣ ሁለቱም እግሮች ሲዝሉ በአከርካሪው ግርጌ ያለው የነርቮች ጥቅል ተጨፍልቋል ማለት ሊሆን ይችላል። ያኔ በዚያው ቀን ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ያስፈልጋል። የእግር መዳፍን ወደ ላይ ማንሣት ማቃትም፣ በተለይ እየባሰ ከሄደ፣ ሳይዘገይ መታየት አለበት።

ከእነዚህ ውጭ ያለው ጥያቄ እስከ መቼ መጠበቅ የሚለው ነው። በ2007 በኔዘርላንድስ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ከባድ ሳያቲካ የቆየባቸው 283 ሕሙማን ወይ ወዲያው እንዲቀደዱ ወይ እንዲጠብቁ ተደረገ። የተቀደዱት ቶሎ ተገላገሉ፤ ከዓመት በኋላ ግን በሁለቱም ወገን 95 በመቶው ድነዋል። ከጠበቁት 39 በመቶው በመካከሉ ሕመሙን መሸከም አቅቷቸው ወደ ቀዶ ሕክምና ሄደዋል። በካናዳ ተካሂዶ በ2020 የታተመው ጥናት ደግሞ የተመለከተው ከ4 እስከ 12 ወር የሰነበተባቸውን ነው። እዚያ ከስድስት ወር ክትትል በኋላ የተቀደዱት የእግር ሕመም ከ10 በአማካይ 2.8 ሲሆን ያልተቀደዱት 5.2 ላይ ቆሟል። ከአራት ወር በኋላም እግሩ የሚነድድበት ሰው እንግዲህ እንክብል በእንክብል ከሚተካ ከቀዶ ሐኪም ጋር ቁጭ ብሎ ቢነጋገር ይሻለዋል።