ሥራና ጸሎት አይጣሉም

ብዙ ሰው «ሳታቋርጡ ጸልዩ» የተባለው ለመነኩሴ ይመስለዋል። ጳውሎስ ግን ይህን የጻፈው ተሰሎንቄ ከተማ ውስጥ በእጃቸው ሠርተው ለሚያድሩ ምእመናን ነው። ራሱም እዚያ ሌሊትና ቀን ይሠራ እንደነበር በዚያው መልእክት ያስታውሳቸዋል።

መነኮሳቱም ቢሆኑ ሥራ አይፈቱም ነበር። እስክንድርያ አጠገብ ይኖር ወደነበረው አባ ሉቅዮስ አንድ ቀን እንግዶች መጡ። «እኛ በእጃችን አንሠራም፤ ሳናቋርጥ እንጸልያለን» አሉት።

«አትበሉም? አትተኙም?»

«እንበላለን፣ እንተኛለን።»

«ታዲያ ያን ጊዜ ማን ይጸልይላችኋል?» መልስ አጡ።

እሱ የሚያደርገውን ነገራቸው። የዘንባባ ቅጠል ውኃ ውስጥ ነክሮ ገመድ ይገምዳል። እየገመደ «አቤቱ፥ እንደ ቸርነትህ መጠን ማረኝ» ይላል። ማታ ካገኘው 16 ሳንቲም 2ቱን ለድሃ በር ላይ ያኖራል፣ በቀረው ይበላል። እሱ ሲበላና ሲተኛ ደግሞ ሳንቲሙን የወሰደው ድሃ ይጸልይለታል። ይህን ታሪክ በጣም ነው የምወደው። ጸሎቱ ውስጥ ገመዱም አለ፣ ድሃውም አለ።

«አጭር ጸሎት አይቆጠርም» የሚሉም አሉ። ነህምያ የንጉሥ ጠጅ አሳላፊ ነበር። ንጉሡ «ምን ትለምነኛለህ?» ሲለው፣ መልስ ከመስጠቱ በፊት እዚያው ቆሞ ወደ ሰማይ አምላክ ጸለየ። ንጉሥ ፊት ስንት ቃል ሊል ይችላል? ሽንኩርት እያቁላላችሁ ወይም የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማችሁ «ጌታ ሆይ ማረኝ» ማለት ጸሎት ነው። ይህ ማለት ግን የጸሎት ሰዓት ይቅር ማለት አይደለም። ቤተ ክርስቲያናችን በቀን ሰባት የጸሎት ጊዜ አላት። 6 ሰዓት ላይ የጌታን ስቅለት፣ 9 ሰዓት ላይ ነፍሱን መስጠቱን ታስባለች። ሰባቱን ባንችል እንኳ ምሳ ከመብላታችን በፊት መስቀሉን ማሰብ አያቅተንም።

መቁጠሪያ ይዞ 41 ጊዜ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ማለትስ ከንቱ መድገም ነው? ጌታ የነቀፈው ቃል ስላበዛ ብቻ የሚሰማ የሚመስለውን ሰው ነው። እሱ ራሱ በጌቴሴማኒ ለሦስተኛ ጊዜ ያንኑ ቃል ደግሞ ጸልዮአል።

«ሐሳቤ ከተበተነ ጸሎቴ ከንቱ ነው» ለሚሉ፦ የማንም ሐሳብ ይበተናል። መልሱትና ቀጥሉ።

እኔን በጣም የሚያሳዝነኝ ግን ሌላ ነው። ባለጉዳይ መስኮት ላይ አቁሞ ዳዊት የሚደግም ሠራተኛ አይታችሁ ይሆናል። እግዚአብሔርን ያሰበ ይመስለዋል፤ ፊቱ የቆሙትን እናት ግን ቀና ብሎ አላያቸውም። ታላቁ እንጦንስ በበረሃ ሳለ፣ ከተማ ውስጥ እሱን የሚተካከል ሰው እንዳለ ተገለጠለት። ሰውየው ሐኪም ነበር። ከኑሮው የተረፈውን ለድሆች ይሰጣል፣ በየቀኑም ከመላእክት ጋር «ቅዱስ፣ ቅዱስ፣ ቅዱስ» ይላል። ሕመምተኞቹን ትቶ በረሃ ውረድ አልተባለም። እባካችሁ፣ መጀመሪያ እኚያን እናት አስተናግዷቸው፤ ዳዊቱ በምሳ ሰዓት ይደገማል።