1 ለ 40፦ የባሕር ጨው ጉድጓድ ውስጥ እንዴት ይገባል?

እዚህ ጎንደር «የባሕር ጨው እርሻውን አበላሸው» ሲባል ብዙ ሰው ማዕበል ማሳውን ያጥለቀለቀው ይመስለዋል። ዋናው ጉዳይ ግን ያለው ከመሬት በታች ነው። በባሕር ጠረፍ አካባቢ ንጹሁ የከርሰ ምድር ውኃ ቀለል ስለሚል ከባዱን የባሕር ውኃ ተጭኖት ይቀመጣል። ሕጉም ይኸው፦ ንጹሁ ውኃ ከባሕር ጠለል በላይ 1 ሜትር ካለ፣ ከጠለሉ በታች ወደ 40 ሜትር ይወርዳል። ስለዚህ በፓምፕ 1 ሜትር ከቀነሳችሁት ጨዉ ከሥር ቀስ በቀስ 40 ሜትር ሊወጣ ይችላል! የባሕሩ ከፍታ መጨመር ያባብሰዋል፤ ሁሉንም በአየር ንብረት ለውጥ ላይ ማላከክ ግን ልክ አይደለም።

የተበላሸው ማሳስ? ፎገራ ላይ ሩዝ የሚዘራው ክረምት ውኃ ስለሚተኛበት ነው፤ ዓባያችን በሚያልቅበት የግብፅ ዴልታ ግን ሩዙ ሌላም ሥራ አለው፣ የተኛው ውኃ ጨዉን ከሰብሉ ሥር ወደ ታች ያጥበዋል። ማፋሰሻ ቦይ ከሌለ ግን ጨዉ ተመልሶ ይወጣል።