የፌርፖርት ኮንቬንሽን የመድረክ ዘፈኖች፦ የማይነኩት፣ የሚቀያየሩትና አድናቂው የሚጠይቃቸው

ፌርፖርት ኮንቬንሽን እ.ኤ.አ. በ1967 በሰሜን ለንደን፣ ሙስዌል ሂል በተባለ ሰፈር የተመሠረተ የእንግሊዝ ፎክ ሮክ (የሕዝብ ዜማን ከሮክ ጋር ያዋሃደ ሙዚቃ) ባንድ ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ስሙን ያገኘው የጊታር ተጫዋቹ የሳይመን ኒኮል ቤተሰብ ይኖርበት ከነበረው፣ ልጆቹም ይለማመዱበት ከነበረው «ፌርፖርት» ከተባለ ቤት ነው። በ1979 የስንብት ኮንሰርት አድርጎ ተበተነ፤ በ1985 ደግሞ «ግላዲስ ሊፕ» የተባለውን አልበም ይዞ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ በአብዛኛው ዓመት በጥርና በየካቲት የብርድ ወራት የእንግሊዝን ከተሞች እየዞረ ይጫወታል፤ ነሐሴ ላይ ደግሞ በኦክስፎርድሺር፣ ክሮፕሬዲ በምትባል መንደር ሦስት ቀን የሚቆይ የራሱን ፌስቲቫል ያዘጋጃል። የቆየ አድናቂ ገና ትኬት ሳይቆርጥ የሚያነሳው ጥያቄ «ዘንድሮስ ምን ምን ይጫወቱ ይሆን?» የሚል ነው። ጥያቄው ውስጥ ተስፋም ቅሬታም አለበት፤ የምሽቱ መጀመሪያና መጨረሻ ለብዙ ዓመታት እምብዛም አልተቀየረምና።

የማይነኩት

ምሽቱ ብዙ ጊዜ የሚከፈተው በ1970 በወጣው «ፉል ሃውስ» አልበም መክፈቻ፣ «ዎክ ኧዋይል» በተባለው ዘፈን ነው። ለመክፈቻ የተሠራ ይመስላል። ሁሉም አባላት በየተራ ይዘፍኑበታል፣ ቫዮሊኑ ቶሎ ይገባል፣ የድምፅ ባለሙያውም በሦስት ደቂቃ ውስጥ የእያንዳንዱን ማይክሮፎን ሁኔታ ሰምቶ ያስተካክላል። መጨረሻ ላይ «ማቲ ግሮቭስ» ይመጣል፤ ታዳሚው በጭብጨባ ሲያስመልሳቸው ደግሞ «ሚት ኦን ዘ ሌጅ» ይዘፈናል።

«ማቲ ግሮቭስ» ፍራንሲስ ጄምስ ቻይልድ ከሰበሰባቸው 305 የእንግሊዝና የስኮትላንድ የትረካ ዘፈኖች 81ኛው ነው። የአንድ ባላባት ሚስት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ማቲ የተባለ ጎረምሳ ዓይታ ወደ ቤቷ ትወስደዋለች። አሽከሩ ሮጦ ለጌታው ይናገራል፤ ባላባቱ ደርሶ ሁለቱንም ይገድላል። በ1969 በወጣው «ሊጅ ኤንድ ሊፍ» አልበም ላይ ስምንት ደቂቃ ይፈጃል፤ ግጥሙ ሲያልቅ መሣሪያዎቹ ይረከቡና ፈጣን ዜማ ያስከትላሉ። መድረክ ላይ ከመግቢያ ወሬው ጋር አሥር ደቂቃ ይጠጋል። እንግዲህ በየዓመቱ የሚመጣ ሰው «ማቲ ግሮቭስ አንድ ዓመት ይረፍ» ሲል የሚጠይቀው የአንድ ዘፈን ሳይሆን የሁለት ዘፈን ቦታ ነው። ጥያቄው ፍትሐዊ ነው። አንድ ዓመት ተጫውቶ አንድ ዓመት ቢዘለል ማንም አይጎዳም።

«ሚት ኦን ዘ ሌጅ» ግን ሌላ ነገር ነው። የባንዱ ጊታሪስት የነበረው ሪቻርድ ቶምሰን ገና በጉርምስናው የጻፈው ይህ ዘፈን በ1968 በነጠላ ሸክላ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ባንዱ ብዙ ሰው ቀብሯል። ድራመሩ ማርቲን ላምብል በግንቦት 1969 ቡድኑን የጫነው መኪና ኤም 1 አውራ ጎዳና ላይ ሲገለበጥ ሞተ። ድምፃዊቷ ሳንዲ ዴኒ በ1978፣ ቫዮሊኒስቱ ዴቭ ስዋርብሪክ በ2016 አረፉ። በክሮፕሬዲ የመጨረሻ ሌሊት የዕለቱ እንግዶች ሁሉ መድረክ ላይ ወጥተው፣ ሜዳውን የሞላው ሕዝብም አብሮ ሲዘፍነው፣ ዘፈኑ የመታሰቢያ ሥርዓት ሆኗል። እሱን አውጡ የሚል ጠያቂ ብዙ ደጋፊ አያገኝም፤ ማግኘትም የለበትም።

ሒሳቡ

የሁለት ሰዓት ዝግጅት 120 ደቂቃ ነው። አንድ ዘፈን በአማካይ አምስት ደቂቃ፣ ለመቃኘትና ለወሬ አንድ ደቂቃ ተኩል ቢያዝለት ከ18 ዘፈን በላይ አይገባም። ከ18ቱ ሦስቱ ከላይ የተጠቀሱት ናቸው። አዲስ አልበም ከወጣ ከአራት እስከ ስድስት ዘፈን ይወስዳል፤ በእረፍቱ ሰዓት ኮሪደር ላይ በተዘረጋው ጠረጴዛ የሚሸጠው እሱ ነውና። አንድ ሁለቱ ያለ ግጥም የሚጫወቱ የቫዮሊን ዜማዎች ይሆናሉ። የቀሩት ከሰባት እስከ አሥር ቦታዎች ናቸው፤ ከሃምሳ ዓመት በላይ የተከማቸው ሥራ ሁሉ የሚሻማው ለእነሱ ነው።

የመግቢያ ወሬውም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ኒኮል ዘፈን ከማስገባቱ በፊት በጨዋታ አዋቂነቱ ይታወቃል፤ ለአዲስ ሰው ይህ ግማሹ ደስታ ነው። አምስት ዓመት በተከታታይ የመጣ ታዳሚ ግን የተደገመ ዘፈን ከሚያሰለቸው ይልቅ የተደገመ ቀልድ ያሰለቸዋል። ዘፈን ሲደገም ቫዮሊኑ ቢያንስ በሌላ መንገድ ይሄዳል፤ ቀልድ እንዲህ ያለ መውጫ የለውም።

ለምን «ዝም ብለው» አይቀይሩም?

አዝማሪ ቤት ታዳሚው ግጥም ሲወረውር አዝማሪው ወዲያው ተቀብሎ ያዜማል፤ አንድ ሰው ከአንድ ማሲንቆ ጋር ስለሆነ ይችላል። አራት ወይም አምስት ሰው በማጉያ ሲጫወት ግን አንድ ዘፈን መጨመር የሚነካው ነገር ብዙ ነው።

የመጀመሪያው የድምፅ ከፍታ ነው። ከባንዱ ተወዳጅ ሥራዎች ብዙዎቹ የተቀረጹት በሳንዲ ዴኒ ድምፅ ነው፤ «ሁ ኖውስ ዌር ዘ ታይም ጎውስ» የራሷ ድርሰት ነው። ወፍራም ድምፅ ያለው ወንድ እንዲዘፍናቸው ኪዩ (ዘፈኑ የሚያርፍበት መነሻ ድምፅ) መውረድ አለበት። ጊታር ላይ የሚታሰረው ካፖ ግን ድምፅ ከፍ ያደርጋል እንጂ አያወርድም፤ ስለዚህ ጊታሪስቱ ኮርዶቹን እንደ አዲስ ይሠራል። ቫዮሊን ላይ ችግሩ ይብሳል። ክሮቹ የሚቃኙት በጂ፣ ዲ፣ ኤና ኢ ነው፤ የሕዝብ ዜማ ያን የሚያስተጋባ ድምፅ የሚያገኘው ጣት ያልነካቸው ክሮች አብረው ሲጮኹ ነው። ዘፈኑ ከዲ ወይም ከኤ ወርዶ ቢ ፍላት ላይ ቢያርፍ እነዚያ ክሮች ከጥቅም ይወጣሉ፤ ዜማው ያው ሆኖ ሕይወቱ ይጎድላል። እንግዳ ድምፃዊት ስትገኝ ይህ ሁሉ ይቀላል። በ2007 ክሮፕሬዲ ላይ «ሊጅ ኤንድ ሊፍ» ከዳር እስከ ዳር ሲቀርብ የሳንዲን ቦታ ይዛ የዘፈነችው ክሪስ ዋይል ነበረች፤ አልበሙን የቀረጹት ስዋርብሪክ፣ ቶምሰን፣ አሽሊ ሃቺንግስና ዴቭ ማታክስም ከኒኮል ጋር ተሰልፈው ነበር።

ሁለተኛው የሰው ጉዳይ ነው። ጊታሪስቱ ማርቲን ኦልኮክ በ1996 ከባንዱ ሲወጣ በእሱ ቦታ የገባው ክሪስ ሌስሊ ቫዮሊን፣ ማንዶሊንና ቡዙኪ የተባሉትን ባለ ክር መሣሪያዎች የሚጫወት ሰው ነው፤ ከዚያ በኋላ ባንዱ ውስጥ ሶሎ የሚመራ የኤሌክትሪክ ጊታር ተጫዋች የለም። ሪክ ሳንደርስ ቀድሞም ቫዮሊኒስት ስለነበር ሁለት ቫዮሊን ሆነ። በዚህ ምክንያት «ስሎዝ»ን የሚጠይቅ አድናቂ የሚጠይቀውን ቢያውቅ ጥሩ ነው። ዘፈኑ «ፉል ሃውስ» አልበም ላይ ዘጠኝ ደቂቃ የሚፈጀው በቶምሰን ጊታርና በስዋርብሪክ ቫዮሊን ፍልሚያ ነው። «ኧ ሴይለርስ ላይፍ» ደግሞ ከ11 ደቂቃ በላይ ነው፤ የተቀረጸውም በአንድ ጊዜ ጨዋታ፣ መድረሻው ሳይታወቅ ነበር። እንዲህ ያለውን ነገር በየምሽቱ በተመደበ ሰዓት ድገሙት ማለት ሌላ ዘፈን ፍጠሩ ማለት ነው።

ሦስተኛው መሣሪያ መቀያየር ነው፤ የዝርዝሩን ቅደም ተከተል የሚወስነውም በአብዛኛው ይኸው ነው። ሌስሊ ከቫዮሊን ወደ ቡዙኪ ሲሄድ ገመድ ይነቀላል፣ ቅኝት ይታያል፣ ድምፅ ይስተካከላል። ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ መሣሪያ የሚቀይርበት ቦታ ላይ ወሬ ካልገባ ባዶ ጸጥታ ይፈጠራል። ስለዚህ «አንዱን አውጥቶ ሌላውን መተካት» የሚቻለው ሁለቱ ዘፈኖች ተመሳሳይ መሣሪያ ሲይዙ ነው፤ ካልሆነ ከፊቱና ከኋላው ያሉትም ይናጋሉ።

አድናቂው ሲጠየቅ

በ2012 የወጣው «ባይ ፖፑላር ሪክዌስት» ለዚህ ክርክር ጥሩ ማስረጃ ነው። ባንዱ አድናቂዎቹን የሚወዱትን ዘፈን እንዲመርጡ ጠየቀ፣ የተመረጡትንም በወቅቱ አባላት እንደ አዲስ ቀረጸ። ከሳጥኑ ምን ወጣ? «ዎክ ኧዋይል»፣ «ማቲ ግሮቭስ»፣ «ሚት ኦን ዘ ሌጅ»፤ እንዲሁም ከ1980ዎቹ ጀምሮ መድረክ ላይ የማይጠፋው የራልፍ ማክቴል ድርሰት «ዘ ሃይሪንግ ፌር»። ለውጥ የሚፈልገው ወገን ድምፁ ጎልቶ ይሰማል እንጂ ብዙኃኑ እሱ አይደለም። በአንዲት አነስተኛ ከተማ ቲያትር ቤት ውስጥ ከተቀመጠው ታዳሚ ብዙው ባንዱን ካየ ዓመታት ያለፉት ሊሆን ይችላል፤ ያንን ሰው ያለ «ማቲ ግሮቭስ» ወደ ቤቱ መስደድ ድፍረት ይጠይቃል።

አሜሪካዊው ግሬትፉል ዴድ በየምሽቱ ዝርዝሩን ይቀይር ስለነበር ሰዎች ከከተማ ከተማ ይከተሉት ነበር፤ ብዙ ጠያቂዎች ያንን ምሳሌ ያነሳሉ። ንጽጽሩ ግን አይገጥምም። የፌርፖርት ታዳሚ ባብዛኛው በዓመት አንድ ምሽት፣ በቅርቡ ባለ ከተማ ነው የሚያየው። ማክሰኞና ረቡዕ ቢለያዩ እሱ አያውቀውም፤ ዘንድሮና አምና ካልተለያዩ ግን ወዲያው ይሰማዋል። ስለዚህ በዚህ ባንድ ላይ ተስፋ መደረግ ያለበት ከምሽት ምሽት ሳይሆን ከዓመት ዓመት ለሚደረግ ለውጥ ነው። ባንዱም ሳይሰማ አልቀረም። ስቅላት ተፈርዶበት በሕይወት ስላመለጠ ሰው የሚተርከውን የ1971 አልበም «ባባኮም ሊ»ን በ2011 ጉዞው ሙሉውን ተጫውቶታል፤ ያ ዓመት ከሌሎቹ በግልጽ የተለየ ነበር።

የሚሰማ ጥያቄ

ጥያቄ የሚጠቅመው ለጥርና ለየካቲት ጉዞ ልምምድ ከመጀመሩ በፊት፣ በመከር ወራት ሲደርስ ነው። ጉዞው ከተጀመረ በኋላ መብራቱም ድምፁም በዝርዝሩ ልክ ተሰናድቷል። አሥር ርዕስ ከመደርደር አንድ መጥቀስ ይሻላል። የተጠቀሰውም ከስድስት ደቂቃ ያላለፈ፣ ወንድ ሊዘፍነው የሚችል፣ በሁለት ቫዮሊን የሚያምር ቢሆን ዕድል አለው። «ፌርዌል ፌርዌል» ለምሳሌ አጭር ነው፣ ብዙ መሣሪያም አይፈልግም። በጸጥታ መካከል ከወንበር ሆኖ ርዕስ መጮህ ግን ከቀልድ መልስ በቀር የሚያስገኘው የለም።

ድራመር ይዘው የማይዞሩባቸው የአኩስቲክ ጉዞዎች ለብርቅዬ ዘፈን የተሻሉ ናቸው፤ ለስለስ ያለው ሥራ ቦታ የሚያገኘው ያን ጊዜ ነው። በክሮፕሬዲ ደግሞ ሐሙስ አጠር ባለ ጨዋታ ይከፍታሉ፣ ቅዳሜ ሌሊት በረጅሙና እንግዳ በሚበዛበት ይዘጋሉ። አንድ ጊዜ ብቻ ሊሰማ የሚችል ዘፈን የሚፈልግ ሰው ቅዳሜን ይጠብቅ።

ዝርዝር ማንበብ

የጉዞው የመጀመሪያ ምሽት ዝርዝር አይታመንም፤ ያልሠራ ዘፈን በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ይወጣል። ከጉዞው መጀመሪያ፣ መሐልና መጨረሻ አንድ አንድ ወስዶ፣ ከአምናው የመሐል ምሽት ጋር ማመሳከር ይበልጥ ያስረዳል። ከ18ቱ ስድስቱ አዲስ ከሆኑ ሲሶው ተቀይሯል ማለት ነው፤ ለዚህ ዕድሜ ባንድ ይህ ጥሩ ነው። ከሁለት በታች ከሆነ ቅሬታው ተገቢ ነው። ርዕስ ብቻ የሚያነብ ሰው ግን የሚያመልጠው ነገር አለ። «ሁ ኖውስ ዌር ዘ ታይም ጎውስ» አንድ ዓመት በወንድ ድምፅ፣ ሌላ ዓመት በእንግዳ ሴት ድምፅና ያለ ድራም ቢቀርብ፣ ወረቀቱ ላይ ሁለቱም ጊዜ የሚሰፍረው ያው አንድ መስመር ነው።