የወሎ ውርጭ ምድርና የአርክቲኩ ፐርማፍሮስት

ውርጭ በወሎ ከደጋው በላይ ያለው የአየር ጠባይ ክልል ነው። የታችኛውን ወሰን አንዳንዱ ጸሐፊ 3,200 ሜትር፣ ሌላው 3,700 ሜትር ላይ ያደርገዋል። የክልሉ ራስ ከላሊበላ ከተማ በላይ ግርማ ለብሶ የቆመው የላስታው አቡነ ዮሴፍ ሲሆን፣ ከፍታው 4,260 ሜትር ነው። የደላንታና የቦረና ሳይንት ከፍተኛ ቦታዎችም ከዚሁ ይመደባሉ። ጓሳ፣ አስታና ጅብራ ይበቅሉበታል፤ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ይኖሩበታል።

እዚህ መሬቱ የሚቀዘቅዘው ለአንድ ሌሊት ነው። በበጋ ወራት ሰማዩ ሲጠራ ምድሩ የቀኑን ሙቀት በፍጥነት ያጣል፤ በላይኛው አፈር ያለው ውኃ እንደ መርፌ ቀጫጭን ሆኖ እየረጋ አፈሩን ወደ ላይ ያነሣዋል። ፀሐይ ስትወጣ በረዶው ይቀልጥና የተነሣው አፈር ቁልቁል ይንሸራተታል። አርሶ አደሩ ይበልጥ የሚፈራው ግን በጥቅምትና በኅዳር አበባ ወይም እሸት ላይ ያለ ባቄላና ምስር የሚመታውን ውርጭ ነው።

ድሮ ቅዝቃዜው ከዚህ የጸና ነበር። በአቡነ ዮሴፍና በአካባቢው ተራሮች የተደረገ የመልክዓ ምድር ጥናት፣ በመጨረሻው የበረዶ ዘመን ትናንሽ የበረዶ ግግሮች ገፍተው የተዉትን የድንጋይና የአፈር ክምር አግኝቷል። ከዚያ ወዲህ ላለው ዘመን ከሐይቅ እስጢፋኖስ ደለል የተነበበ የ2,000 ዓመት የአየር ጠባይ መዝገብ አለ፤ ብራናዎቹን ጠብቆ ያቆየ ገዳም ያለበት ሐይቅ፣ ጭቃውም እንደ መዝገብ ማገልገሉ ለወሎ አይበዛበትም።

ለዓመታት ሳይቀልጥ ስለሚቆየው የአርክቲኩ (የሰሜን ዋልታ አካባቢ) መሬት የተጻፈው ደግሞ እጅግ የበዛ ነው። ፐርማፍሮስት የሚባለው ቢያንስ ለ2 ተከታታይ ዓመታት ሙቀቱ ከዜሮ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያላለፈ መሬት ነው። በሰሜን ንፍቀ ክበብ ካለው የብስ 15 በመቶ ያህሉን ይሸፍናል፤ በአንዳንድ የሳይቤሪያ ቦታዎች ጥልቀቱ ከ1,000 ሜትር ያልፋል። ከላዩ ያለው ስስ ንብርብር በየዓመቱ በብርድ ወራት ይረጋል፣ በሙቀት ወራት ይቀልጣል። ከሥሩ ያለው ግን ለብዙ ሺህ ዓመታት የሞቱ ዕፀዋትና እንስሳት ሳይበሰብሱ የተከማቹበት ነው። በዚህ መንገድ ከ1,400 እስከ 1,600 ቢሊዮን ቶን የሚገመት ካርቦን ታምቆ ይገኛል፤ ይህም በአየር ላይ ካለው ወደ ሁለት እጥፍ ይጠጋል።

መሬቱ ሲቀልጥ ረቂቅ ሕዋሳት ይህን ክምችት ማብላላት ይጀምራሉ። አየር በሚያገኘው አፈር ውስጥ በአብዛኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ውኃ ባቆረው ረግረግ ውስጥ ደግሞ ሚቴን ይወጣል። ሚቴን በአየር ላይ የሚቆየው ከአሥር ዓመት ብዙም ባይበልጥም፣ በ20 ዓመት ስሌት ሙቀት የመያዝ አቅሙ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ80 እጥፍ በላይ ነው። የወጣው ጋዝ ምድርን ያሞቃል፣ ሙቀቱም ሌላ መሬት ያቀልጣል። እ.ኤ.አ. ከ1979 ወዲህ አርክቲክ ከዓለም አማካይ ወደ አራት እጥፍ በሚጠጋ ፍጥነት ሞቋል። ክምችቱ በአንድ ጊዜ ይፈነዳል የሚለው ወሬ ከሳይንሱ ይልቅ በዜና ማሰራጫዎች የገነነ ነው። የመንግሥታቱ የአየር ንብረት ለውጥ ሸንጎ (አይፒሲሲ) የገመተው በዓለም ሙቀት ላይ ለሚጨመር ለእያንዳንዱ ዲግሪ እስከ እ.ኤ.አ. 2100 ድረስ 18 ቢሊዮን ቶን ያህል ካርቦን በካርቦን ዳይኦክሳይድ መልክ እንደሚወጣ ነው፤ የግምቱ ስፋት ግን ከ3 እስከ 41 ይደርሳል።

በሥፍራው ያለው ጉዳት ቶሎ ይታያል፤ መሬት ይሰምጣል፣ ቤትና መንገድ ይሰነጠቃል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2020 በሩሲያዋ ኖሪልስክ አንድ የናፍጣ ማጠራቀሚያ ፈርሶ 20,000 ቶን ያህል ነዳጅ ፈስሷል። ኩባንያው መጀመሪያ ያመካኘው በመሬቱ መቅለጥ ነበር፤ የመንግሥት መርማሪዎች ግን የግንባታና የቁጥጥር ጉድለት አግኝተዋል።

ከአርክቲክ የሚወጣው ጋዝ ወሎ የሚደርሰው በዓለም ሙቀት በኩል ነው። ከሁሉ በፊት የሚያሳስበው የበልግ ዝናብ ነው፤ ምክንያቱም በላስታ፣ በደላንታና በዋድላ ደጋዎች ብዙ ቤተሰብ የሚኖረው በበልግ ገብስ ነው። በቅርብ አሥርት ዓመታት በሰሜን ምሥራቅ ኢትዮጵያ በልጉ መቀነሱን የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ። ለዚህም በዋናነት የሚጠቀሰው የሕንድ ውቅያኖስ መሞቅ ነው። ከአፈር በኩል፣ እ.ኤ.አ. በ1981 በደቡብ ወሎ የተቋቋመው የማይባር የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ዝናብንና የአፈር መሸርሸርን ሲመዘግብ የቆየ፣ በአገራችን በዕድሜም በጥራትም የሚጠቀስ ጣቢያ ነው።

ገብሱ ወደ ጓሳው ምድር እየወጣ መሆኑ አያከራክርም፤ የሚያከራክረው ምክንያቱ ነው። የአየሩ መሞቅ ነው የሚሉ አሉ። ይሁን እንጂ የመሬት ጥበት ሚዛን የሚደፋ ይመስላል፤ ደጋው ላይ የሚከፋፈል መሬት ካለቀ ቆይቷልና ወጣቱ የሚያርሰው የቀረውን ነው። እርሻው በገፋ ቁጥር በአቡነ ዮሴፍና በአካባቢው ያሉት አነስተኛ የቀይ ቀበሮ መንጋዎች ይበልጥ እየተነጣጠሉ ነው። አቡነ ዮሴፍ በማኅበረሰብ ጥበቃ ሥር በመሆኑ ጓሳው በአንጻሩ ተጠብቆ ይገኛል።